ላቡን የጨረሰ ሰው

ካቦ ሚደቅሳ በድሉን እንደ እህል ጆንያ ትከሻው ላይ ጭኖ ደጃፉን አልፎ ሲገባ ተናኘወርቅ መጀመሪያ ያነሣችው የበሩን መወርወሪያ ነበር። ልጇን ልትቀበል እጇን መዘርጋት ኋላ ነው የታሰባት።

“ምን አደረግኸው? አንተ የፈረንጅ ሎሌ፣ ምን አድርገህ ገደልኸው?”

“አልሞተም። መንገድ ይልቀቁልኝ እመይቴ፣ ከበደኝ።”

“ይክበድህ! ከዚህ የባሰ ይጫንብህ!”

እንዲህ ብትልም መንገዱን ለቀቀች። ሚደቅሳ በድሉን መደቡ ላይ ዘረጋውና ወገቡን ይዞ ቆመ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነው። ከልደታ ማርያም ወደ ሰንጋ ተራ ለሚወጣው መንገድ ድንጋይ የሚፈልጡትን ሰዎች የሚነዳቸው እሱ ነው። ካቦነት እንግዲህ ጣሊያን ይዞት የመጣ ሹመት ነው፤ አለንጋው የፈረንጅ፣ የያዘው እጅ የሀበሻ። ተናኘወርቅ እንዲህ ያለውን ሰው መንገድ ላይ ስታገኘው ትተፋለች። ምራቋን በከንቱ የምታባክን ሴት አይደለችም፤ ለካቦ ግን አትሳሳም።

በድሉ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። ገላው ይፋጃል፤ ግን ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ ላብ የለበትም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑ ተገልጦ ማንንም አያይም። “ድንጋዩን አዙሩት… አባባን ጥሩት” ይላል።

የሚጠራው አባቱ ተሰማ ባለፈው ዓመት፣ በየካቲት ዐሥራ ሁለት ማግሥት፣ ከዚሁ ደጃፍ ተጎትቶ የተወሰደ ሰው ነው። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ለተናኘወርቅ የቀራት ይህ አንድ ልጅ ነው። ሌላ የላትም፣ ከእንግዲህም አትወልድም።

“ምች ነው” አለች ግንባሩን ዳስሳ። “ሠርካዲስ! አንቺ ሠርካዲስ!”

ጎረቤቷ ሠርካዲስ ሳይጠሯት የምትሰማ ሴት ናት። አጥሩ ሥር ቆማ ስታዳምጥ ኖሮ ዳማከሴውን አስቀድማ ቀጥፋ ይዛ ገባች። ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን አፍንጫውና ግንባሩ ላይ አንጠባጠበች።

“ጋቢ ያምጡ እትዬ ተናኘ። ሁለትም ሦስትም ይሁን። ላብ ላብ ካላለው አይለቀውም። በሩንም እንዝጋው፣ ነፋስ ካገኘው አለቀለት።”

አገር ያወቀው መድኃኒት ነው። ምች የመታውን ሰው ሸፍነህ፣ በር ዘግተህ፣ ላቡን ታወጣለታለህ። ተናኘወርቅ ከእናቷ ያየችው ይህንኑ ነው፤ በዚህ የዳነ ሰው ስም ጥሪ ብትባል እስከ ማታ ትጠራለች። በድሉን ሁለት ጋቢ ደራርባ አለበሰችው። የተሰማን ቡልኮ ከሣጥን አውጥታ ልትጨምርበት ስትል ሚደቅሳ ጫፉን ያዘ።

“ይተዉት።”

“ምኑን?”

“ጋቢውንም ከላዩ ያንሡት። ልብሱንም ያውልቁለት። ጥላ ሥር አውጥተን ውሃ እናፍስበት።”

ሠርካዲስ አፏን በእጇ ያዘች። “እግዚኦ! ያመመውን ሰው ራቁቱን ነፋስ ላይ? ይሄ ሰውዬ ሊጨርሰው ነው የመጣው!”

“ሜዳ ላይ ጀምሮታል፣ ቤቴ መጥቶ ሊጨርሰው” አለች ተናኘወርቅ። “ልቀቅ ቡልኮውን! ይህ እጅህ ይርገፍ!”

“ላቡን ነው የምትጠብቁት?” አለ ሚደቅሳ። “ላቡ አልቋል እመይቴ። ከየት ያምጣው? ደረቱን ይንኩት እስቲ። ይህ ምች አይደለም፣ ሐሩር ነው። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፉ አልዞረም፤ ቅጥራኑ ከሚፈላበት በርሚል አጠገብ ድንጋይ ሲፈልጥ ነው የዋለው።”

“ማን ሆነና ያዋለው? አንተ ነህ!”

“እኔ ነኝ። ጥላ ሥር ተቀመጥ አላልሁትም፣ ፈረንጁ ቆሞ ያየኝ ነበር። ይህን አልክድም። ውሃ ግን ሰጥቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ፣ በጣሳ ቀድቼ፣ እጁ ላይ አድርጌ። ለምን እንዳልጠጣ እርስዎ ይንገሩኝ።”

ተናኘወርቅ የቡልኮውን ጫፍ ለቀቀች። ሠርካዲስ ዞር ብላ አየቻት።

“‘እናቴ በልደታ አስምላኛለች’ ነው ያለኝ” አለ ሚደቅሳ። “ሌሎቹ ሲጠጡ እሱ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል።”

እውነቱን ነው። ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ወሬውን ያመጣችው ይህችው ሠርካዲስ ናት፤ ድንጋይ ፈላጮቹ ሁዳዴ ሳይሉ በጠራራ ፀሐይ ከፈረንጅ በርሚል ይጠጣሉ ብላ። ተናኘወርቅ የዚያኑ ቀን በድሉን ፊቷ አቆመችው። “የተሰማ ልጅ ጣሊያን በርሚል ላይ እንደ ከብት አፉን ይደፋል? አገሩን ወሰዱ፣ ባሌን ወሰዱ፣ ጾሜን ደግሞ አንተ አስረክባቸው!” አለችው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብታ ላይቀምስ በልደታ አስማለችው። በድሉ ፈገግ ብሎ ማለላት። እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም።

አሁን ያ ልጅ መደቡ ላይ ተንዘፈዘፈ። እግሩ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ረገጠ። ከዚያ ዝም አለ። አባቱን መጣራቱንም ተወ።

“ይኸው ምቹ እየለቀቀው ነው” አለች ሠርካዲስ፤ ድምፅዋ ግን እሷንም አላሳመናት።

ተናኘወርቅ ሚደቅሳን ትክ ብላ አየችው። “ይህን ከማን ተማርኸው? ከፈረንጅህ ነው?”

“ከሬሳ ነው የተማርሁት። ወጣት ሳለሁ አዋሽ በረሃ ባቡር ሐዲድ ላይ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ሰው ሲወድቅ እንዲሁ እንደናንተ ሸፈንነው፤ ዳማከሴ ፍለጋ ስንዞር ሞተ። ሁለተኛውንም ሸፈንነው። እሱን በገዛ እጄ ነው የሸፈንሁት፤ የአጎቴ ልጅ ነበር። ሦስተኛውን የበረሃው ሰዎች ከእጃችን ነጠቁን፤ ልብሱን ገፈው ወንዝ ውስጥ ነከሩት። እሱ ዛሬም አለ፣ ሰባት ልጅ ወልዷል።”

“ብትዋሸኝ…”

“ለምን እዋሻለሁ? እንዲወዱኝ ነው? ለራሴ ነው የምለፋው። ሰው ሲሞትብኝ ፈረንጁ ጀርባዬን ነው የሚልጠው። ቶሎ ይቁረጡ።”

ንግግሩ የደግ ሰው ንግግር አልነበረም፤ ተናኘወርቅም ያመነችው በዚሁ ነው። አለስልሶ ቢያነጋግራት በመወርወሪያው ትለው ነበር።

“ግፈፈው” አለች።

ተሸክመው ጓሮ ወይራው ሥር አወጡት። ሸሚዙ አልወልቅ ሲል ተናኘወርቅ ከላይ እስከ ታች ቀደደችው፤ ራሷ የሰፋችው ሸሚዝ ነው። ሌሊት ተነሥታ ከምንጭ ከቀዳቻቸው ሁለት እንስራዎች አንዱን አዘንብላ ከራሱ እስከ እግሩ ደፋችበት። ነጠላዋን ከሁለት ቀደደችና ነክራ ሚደቅሳ እንዳላት አንዱን ብብቱ ሥር፣ ሌላውን ብሽሽቱ ላይ አደረገች። አንገቱን ሚደቅሳ ያረጥበዋል።

“አንቺ ምን ቆመሻል? ሰፌድ አምጪና አራግቢ!”

“እኔ በዚህ ኃጢአት የለሁበትም” አለች ሠርካዲስ። “ዳማከሴ ተቀብቶ በላዩ ቀዝቃዛ ውሃ! ነገ ለቅሶ ሲቀመጡ አላልሽኝም እንዳይሉኝ።”

“ለቅሶዬ ላይ አንቺን የሚጠራሽ የለም። አራግቢ!”

ሠርካዲስ እየተራገመች አራገበች። በሰፌዱም በአፏም ነፋስ አልጎደለም። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይሞቃል፤ ተናኘወርቅ እያነሣች እንደገና ትነክረዋለች። አንዴ በቅል ውሃ ቀድታ ወደ አፉ ስታስጠጋ ሚደቅሳ እጇን መታ።

“አሁን አይደለም! ራሱን ሳያውቅ ካጠጡት ትን ይለዋል፣ በደረቱ ነው የሚገባው።”

“ደግሞ ትመታኛለህ?”

“እመታለሁ።”

እጇን ሰበሰበች። ስድሳ ዓመት ሲያልፋት እጇን የመታ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ተሰማም አልሞከረው።

የወይራው ጥላ አንድ ክንድ ያህል ዞረ። እነሱም በድሉን አብረው ጎትተው አዞሩት። ሠርካዲስ መራገም ሰልችቷት ዝም ብላ ስታራግብ፣ በድሉ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ገልጦ እናቱን አያት፤ አሁን የሚያየው እሷን ነው። ቆዳው ለስልሷል።

“እማዬ… ለምን ራቁቴን ሆንሁ?”

“ዝም በል። ስምህ ማነው?”

“ምን ነካሽ? በድሉ።”

ተናኘወርቅ ፊቷን ወደ ግንዱ አዞረች። እስክትመለስ የጠየቃት የለም። ስትመለስ ቅሉ ውስጥ ቁንጥር ጨው ጨምራ፣ ራሱን በክንዷ ደግፋ አስጠጋችለት።

በድሉ ከንፈሩን ገጠመ። “ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እንዴ?”

“አልሆነም። ጠጣ።”

“መሐላውስ?”

“ያስማልሁህ እኔ ነኝ። ጠጣ ያልሁህም እኔ ነኝ።”

“መሐላ በቄስ ነው የሚፈታው” አለች ሠርካዲስ።

“እንግዲያው ሂጂና ቄሱን ጥሪያቸው። እስኪመጡ እሱ ይጠጣል።”

በድሉ ጠጣ። ሚደቅሳ “በቀስታ፣ በቀስታ” እያለ ካጠገቡ ቆይቶ ወደ ፀሐይዋ ቀና አለ። አለንጋውን ከመሬት አነሣ።

“ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረንጁ ይቆጥራል” አለ። “ሃያ ሦስት ራስ ሰጥቶኛል፣ ሃያ ሦስት ራስ ይፈልጋል። ከጎደለ ሸፈተ ብሎ ያስጽፈዋል።”

“ታሟል በለው!”

“ባለፈው ወር አንዱን ታሟል ብዬው ነበር። መታመሙን እንዲያዩ ወታደር ላኩ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬውን ያየው የለም።”

ተናኘወርቅ ብድግ አለች። “ታዲያ ይህን ልትወስደው ነው? ቆመህ ያዳንኸው እንደገና ልትጠብሰው?”

“ዛሬ ፀሐይ ከደገመው አይተርፍም። እሱንም አውቃለሁ።”

“ታዲያ ምን ትለኛለህ?”

“ምንም አልልም። ያለውን ነገርሁዎት።”

በድሉ ክንዱን ተደግፎ ሊነሣ ሞከረ። ተናኘወርቅ በአንድ እጇ መልሳ አስተኛችው። እንደ ሕፃን ቀለላት።

“ሴት ይቆጥራል?” አለች።

“ማ?”

“ፈረንጅህ ነዋ! ሴት ከቁጥር ይገባል?”

ሚደቅሳ ከእግር እስከ ራሷ አያት። “ጠጠር የሚሸከሙ ሴቶች አሉ። እሱ ራስ ነው የሚቆጥረው፤ ጺም አለው የለውም አይልም።”

“እንግዲያው ይኸው ራስ።”

“እመይቴ፣ እርስዎ እኮ አርጅተዋል።”

“ዕድሜ ቁጠር ተብለሃል? ፈረንጁ ይቁጠረኝ።”

“መዶሻ አንሥተው ያውቃሉ?”

“ጠላት ፊት ከመቆም አይከብድም። ደግሞ ስላመጣኸው አመሰግንሃለሁ ብለህ እንዳትጠብቅ። የወሰድኸውም አንተ ነህ።”

“አልጠበቅሁም” አለ ሚደቅሳ። “አንድ ነገር ግን አለ። ውሃ ሳይጠጡ አልወስድዎትም። በዚህ ፀሐይ አፍዎ ደርቆ ከወደቁ ሁለተኛ አልሸከምም። ወገቤ የሰው ወገብ ነው።”

“እጾማለሁ እኮ!”

“እሱም ይጾም ነበር።”

ተናኘወርቅ እንስራውን አየችው። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ አንድ ሁዳዴ አልገደፈችም። አራስ ቤት ሆና ቄሱ ብይ ቢሏት በቀኗ ልክ ቆጥራ ኋላ የከፈለች ሴት ናት። ተሰማ በተወሰደበት ዓመት፣ እንባዋ አፏ ሲገባ እየተፋች የጾመች ናት። በደብሩ ይህን የማያውቅ የለም፤ የማያውቅ ካለም እሷው ነግራዋለች። ሠርካዲስ ደግሞ ሰፌዱን እንደያዘች ዓይኗን ሳትነቅል ቆማለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው የልደታን ቅጥር ሦስት ጊዜ ይዞራል።

“አንቺ” አለቻት ተናኘወርቅ። “ልጄ ጋ ትቀመጫለሽ። ጥላው ሲዞር ታዞሪዋለሽ። ውሃውን ትንሽ ትንሽ ትሰጪዋለሽ። ጋቢ ብታለብሽው ግን መጥቼ አንቺን በዚያው ጋቢ እገንዝሻለሁ።”

“እሺ እትዬ። ግን እርስዎ… እውነት ሊጠጡ ነው?”

ሁለተኛው እንስራ በግማሽ ቀርቶ ነበር። ተናኘወርቅ ቅሉን ነክራ ሞልታ አወጣች። ጾም የሚገድፍ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ ይመልሳል ወይም በልብስ ይከለላል። እሷ ነጠላዋን ለልጇ ቀዳዋለች፣ መከለያ አልነበራትም፤ ቢኖራትም አትከለልበትም ነበር። ፊቷን ወደ ሠርካዲስ አድርጋ፣ ቆማ፣ ሳታቋርጥ ጨለጠችው። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

“ስታወሪ አንድ ቅል ብለሽ እንዳታሳንሽኝ” አለቻትና ሁለተኛውን ቀዳች።