ወንድሜ ሲያፈገፍግ

ፈረስ የማያውቀው ድልድይ ላይ ሲደርስ ያፈገፍጋል፤ ሰውም የዕድር ሥራ ሲታደል ያፈገፍጋል። እንደ ወንድሜ እንደ አዝመራው ግን የሚያፈገፍግ አላየሁም። ብላ ሲሉት «አሁን ነው የበላሁት» ይላል፤ ደጋግመው ካልለመኑት እጁን አይታጠብም። አንድ ጊዜ ዳንግላ ገበያ በግ ሊገዛ ወርዶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ሻጩ ይጠራኛል ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ሻጩ አልጠራውም። ባዶ እጁን እንጅባራ ገባና «በጉ ከሲታ ነበር» አለን። እኔ ታላቅ እህቱ ስለሆንሁ ነው እንዲህ የማወራው፤ ሌላ ሰው ቢያማው እጣላለሁ።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና ልጁ ፋና ብቻ ናቸው። ፋና ከመናኸሪያው ጀርባ ልብስ ትሰፋለች። ጥርባ አካባቢ የዛፍ ችግኝ እያፈላ የሚሸጥ ደረሰ የሚባል ልጅ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመላለስ ተዋደዱ። የአንድ ሰው ሱሪ ስንት ጊዜ እንደሚያጥር እግዜር ይወቅ። ልጁ ግን ቁም ነገረኛ ነው። ከቤተሰቡ ጋር በአገውኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ በሁለቱም ቢሆን ብዙ አይናገርም።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው የደረሰ አጎት አቶ ምህረቴ ነበሩ። እንደ ደንቡ ደጃፍ ላይ ቆመው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እኔና ፋና ጓዳ ሆነን ጆሯችንን ጣልን።

የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «ዘመድ ላማክር» ብሎ ይመልሳል፤ ሽማግሌም ይህን ያውቃልና ሌላ ቀን ይመጣል። ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን የጣለ ይመስላል። ስለዚህ ወንድሜ «ልጅቱ ገና ናት፤ ዘመድም ላማክር» ሲል አልደነገጥንም። «ገና ናት» ሲል ብቻ ፋና ቆነጠጠችኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? አላቆመም።

«ደግሞም ቀድሞ የጠየቀን ሰው አለ» አለ።

አቶ ምህረቴ «አላወቅንም ነበር፤ ይቅር ይበሉን። በሌላ ሰው ቃል ላይ አንገባም» ብለው ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። ጨዋ ሰው የተጠየቀች ልጅ አይጠይቅም፤ ይህም ደንብ ነው።

ፋና «ማነው የጠየቀኝ?» አለችኝ። እኔስ በምን አውቄ።

ወንድሜ ግን ፊቱ በርቷል። «ይመለሳሉ» አለኝ።

«አይመለሱም። አንተ እኮ በሩን ዘግተህ ነው የሸኘሃቸው» አልሁት።

በሚቀጥለው እሁድ ንጹህ ኮቱን ለብሶ፣ ጠላ አስጠምቆ ደጅ ደጁን ሲያይ ዋለ። ማንም አልመጣም። ደረሰም መደወል ተወ። ፋና ራሷ ብትደውልለት «አባትሽ ለሰው ቃል ሰጥተዋል፤ እሳቸውን አላስቀይምም» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ሳቅ ጠፋባት። ስትሰፋም አንገቷን አቀርቅራ ነው።

አንድ ማታ እኔም ባለሁበት ራት ላይ አባቷን «አባየ፣ ሰውየው ማነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ምን አስቸኮለሽ፤ ይደረስበታል» አለ።

እኔ ተናደድሁ። «ንገራት እንጂ! እስከ መቼ ታፈገፍጋለህ?» አልሁት።

የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠው። «ማንም የለም» አለ። «ሽማግሌዎቹ ቆመው ሳሉ ቤቱን አየሁት። አንች ከሄድሽ ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የማወራው? ከአፌ ወጣ።»

እኔ ጉራ መስሎኝ ስበሳጭ ነበር የከረምሁት። አንጀቴን በላው። ፋና እንባዋ መጣ፣ ግን ወደ ኋላ አላለችም። «ይህን ለእኔ ብትነግረኝ ይሻል ነበር። እኔ ደረሰን እወደዋለሁ፣ አባየ» አለችው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሴት አባት ወደ ወንዱ ቤት ሄዶ «ልጄን ውሰዱልኝ» አይልም፤ ቢል መሳቂያ ነው። ወንድሜ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። በማግስቱ ጧት ግን ያን ኮቱን ለብሶ በሬን አንኳኳ። «ነይ፣ ጥርባ አድርሽኝ» አለ። በባጃጅ ሄድን።

አቶ ምህረቴ ከድንች ማሳቸው እጃቸውን እያራገፉ መጡ። «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉት።

ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ሳልናገር አልቀመጥም። ሌላ ጠያቂ የለም፤ ዋሽቻችኋለሁ። ልጄን ለደረሰ ሰጥቻለሁ» አለ። አቶ ምህረቴ ትኩር ብለው አዩት። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው ሰምተዋል፤ ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ አቶ ምህረቴ እጁን ይዘው አስገቡት፤ ከአጠገባቸውም አስቀመጡት። ስለ ውሸቱ አንድ ቃል እንኳ አልወጣቸውም።

ወንድሜ «ከዚህ እኛ ቤት ሩቅ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

አሁን የመጣበትን መንገድ ነው የሚጠይቀው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ፊቱን ሳይ ተውሁት።

«ቅርብ ነው» አሉት አቶ ምህረቴ። «ማታም ቢሆን ይደርሳሉ።»