የላንድሮቨሯ ፍሬን

ጉልላት ከማንም ይልቅ የተናደደው በገዛ ቀኝ እጁ ነበር። ያ እጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው አውሮፕላን ሲጠግን ኖሮ፣ ስድስት ዓመት ደግሞ ጉለሌ ባለው ጓሮው አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ፣ በ1972 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ከመቶ ሌሎች እጆች ጋር ብድግ አለ። ብድግ ያለውም የራሱን ሥራ ለሚሰብር ሐሳብ ነው። ንዴቱ ለወራት አልበረደለትም፤ የማንስ ይበርዳል።

አውሮፕላኗ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር የተገጠመላት ናት። ክንፎቿ የለበሱት የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጠበቅ አድርጎ የሠራው የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ አራት ወር ሙሉ በመርፌ የሰፋችው ሚስቱ ታየች ነበረች። ፕሮፔለሩን ጉልላት ራሱ ከዋንዛ ጠርቦታል፤ ዓመት ፈጅቶበታል። ጎረቤት በአጥር እያየ "ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ" ብሎ ቢተርብም ሥራው አልቆ የቀረው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ፍሬንና የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ። ያለ ደብዳቤው የበረራ ፈቃድ መጠየቅ ቀርቶ አውሮፕላኗን ከግቢ ማውጣት አይቻልም። ጉልላት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከእንጦጦ በላይ ከፍ ብሎ ሰፈሩን ቁልቁል ማየት ነበር የሚፈልገው።

ፍሬኑን ከመረጠ ቆይቷል። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ወዳጁ ሸፊ ከሁለት የተጣሉ ቬስፓዎች የተፈቱ ትንንሽ ፍሬኖች በጆንያ ጠቅልሎ አምጥቶለት ነበር።

"እነዚህ ያቆማሉ?" አለ ሸፊ፣ አንዱን በመዳፉ እየመዘነ።

"ቶሎ እንዲያቆሙ መቼ ፈለግሁ? ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ከጭራዋ ሥር ናት ያላት። የሚሮጥ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ብትይዘው ምን ይሆናል?"

"በአፍንጫው ይደፋል።"

"በቃ። ፍሬኗ ለስለስ ማለት አለበት። ቀኙን ለብቻ፣ ግራውን ለብቻ እየነካሁ መሬት ላይ አዞርበታለሁ።"

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መሸሻ ግን የአሰብ መንገድ ሾፌር የነበረ ሰው ነው። ጣርማ በር ላይ ፍሬን በጥሶበት መኪናው ከነተሳቢው ገደል ገብቷል፤ እሱ በር ከፍቶ ዘለለ፣ ታናሽ ወንድሙ አልዘለለም። ከዚያ ወዲህ የሚንከባለል ነገር ባየ ቁጥር ስለ ፍሬኑ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ የጋሪ እንኳ ቢሆን። ሐዘኑ ለጉልላት ይገባው ነበር። ችግሩ መሸሻ ሐዘኑን የቀበሌ መመሪያ ማድረጉ ነው።

"ይሄ መጫወቻ ነው" አለ በስብሰባው ላይ፣ የቬስፓውን ፍሬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። "ሰፈራችን ቁልቁለት ነው ጓዶች። ይቺ ነገር ሰፊው ሕዝብ ላይ ብትለቀቅ ማን ነው ተጠያቂው? እዚህ ግቢያችን የቆመች የተወረሰች ላንድሮቨር አለች። የሷ ፍሬን ተፈትቶ ይገጠም። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።"

ጉልላት ሊናገር አፉን ከፈተ። ከፊቱ ደሳለች ተቀምጣለች። የደሳለች ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ አዳራሽ ቆሞ አንድ ጥያቄ ጠይቆ፣ ሲወጣ በር ላይ ተወስዶ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በዚያ አዳራሽ ሐሳብ የሚመዝን ሰው የለም፤ ሁሉም የጎረቤቱን እጅ አይቶ የራሱን ያወጣል። ጸሐፊዋ ገበያነሽ ጊዜ ለመቆጠብ ስትል "በሙሉ ድምፅ" የሚለውን ከስብሰባው በፊት ጽፋው ነበር የምትመጣው። ጉልላት 'ኋላ አላላዋለሁ' ብሎ አሰበና እጁን አወጣ።

ከአዳራሹ እንደወጡ ሸፊን በኮቱ ያዘው።

"አንተ ምን ሆነህ ነው እጅህን ያወጣኸው? ነግሬህ አልነበረም?"

"ያንተን አይቼ ነዋ" አለ ሸፊ። "ባለቤቱ ካወጣ እኔ ማን ነኝ?"

መልስ ያጣ ሰው ኩርፊያ ይቀናዋልና ጉልላት ሸፊን ለሁለት ሳምንት አላናገረውም።

የላንድሮቨሯ ፍሬን ከነጎማው ሲገጠም አውሮፕላኗ የወታደር ጫማ ያጠለቀች ዶሮ መሰለች። ጉልላት እንዳሰበው ፍሬኑን አላላው። መሸሻም መጣ፣ አጎንብሶ ገባና መርገጫውን በገዛ እግሩ ረገጠ።

"ይሄ ላልቷል። አጥብቀው።"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አጥብቆ ከያዘ በአፍንጫዋ ትተከላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ነው።"

"በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ነገር ነው። ሕዝቡ ተሳስቷል እያልከኝ ነው?"

ጉልላት ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው።

ሙከራው በቀበሌው ኳስ ሜዳ ሆነ። መሸሻ ሜዳውን አቋርጦ የኖራ መስመር አሰመረ። "እዚህ ካቆምክ ደብዳቤህን እዚሁ እፈርማለሁ" አለ፤ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ነበር የመጣው። ጉልላት ተሳፈረ፣ የተኮረፈው ሸፊም ቂም ሳይዝ ፕሮፔለሩን አዞረለት። ሞተሩ ተነሳ። አውሮፕላኗ እንደዚያ ከብዳም ቢሆን ሮጠች፤ መሪው እጁ ላይ ቀለለ፣ ክንፎቹ ነፋሱን ሲይዙት ተሰማው። ስድስት ዓመት የጠበቀው ነገር ይኸው ነበር። ኖራው ደረሰ። ጉልላት የጋለ ብረት እንደሚነካ ሰው መርገጫውን በአውራ ጣቱ ጫፍ ብቻ ነካው።

ፍሬኑ ያዘ። ጭራዋ ወደ ሰማይ ሄደ፣ አፍንጫዋ መሬት ገባ፣ የዋንዛው ፕሮፔለር ተሰባብሮ ስንጣሪው እስከ ጎሉ ድረስ ተበተነ። ጉልላት ከንፈሩ ተሰንጥቆ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። መሸሻ እየሮጠ መጣ። ሰውየውን አላየም፤ በመጀመሪያ ያየው ጎማዎቹን ነው። ከኖራው ወዲህ፣ አንድ ስንዝር ሳያልፉ ቆመዋል።

"ቆማለች" አለ። "ፍሬኑ ሠርቷል።"

ማታ ታየች ከንፈሩን በሞቀ ውሃ ስታጥብለት ጉልላት መሸሻን፣ ሸፊን፣ የዚያን አዳራሽ ሕዝብ ሁሉ ሰደበ። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ያንን ጨርቅ ስሰፋ ዓይኔ ጠፍቷል" አለች። "እጅህን ማን ይዞ ነው ያወጣው?"

"ማንም።"

"እንግዲያስ ሰዉን ሁሉ አትሳደብ።"

ያን ሌሊት ከንፈሩ ሳይሆን ይህ ንግግር ነው እንቅልፍ የነሳው።

በሚቀጥለው እሑድ የስብሰባው የመጀመሪያ አጀንዳ አውሮፕላኗ ሆነች። መሸሻ ቆሞ አነበበ። ፍሬኑ ትክክለኛ መሆኑ በሙከራ ተረጋግጧል፤ ጥፋቱ የአውሮፕላኗ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው አይሰጥም፣ ብረቷም ተቆርጦ ለቀበሌው አጥር ይዋል። "የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።"

እጆች ወጡ። ሸፊ የራሱን ግማሽ መንገድ አድርሶ የጉልላትን እጅ ፈለገ። ጉልበቱ ላይ ነበር። የሸፊም እጅ ተመልሶ ወረደና ጺሙን ማከክ ጀመረ።

"የተቃወመ" አለ መሸሻ ለደንቡ ያህል፣ ቀና ሳይል ወረቀቱን እየገለበጠ። "የለም። ቀጣዩ አጀንዳ የስኳር ዕደላ ነው።"

"ጓድ ሊቀመንበር" አለ ጉልላት። "እጄ ወጥቷል።"

ደሳለች ዞር ብላ አየችው። መሸሻ ቀና አለ። ሰዉ ሁሉ ያችን አንዲት እጅ ያያል፤ ጉልላት ግን እጁን አላወረደም። እየፈራ መናደድ እንደሚቻል እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

"በምን ምክንያት?" አለ መሸሻ።

"ፍሬኑን የመረጥነው ተሳስተን ነው። እኔም አብሬ ነው የተሳሳትኩት፤ እያወቅሁ እጄን አወጣሁ። አውሮፕላኗን ቁረጧት፣ መቼም ጉልበት አላችሁ። በኔ ድምፅ ግን አትቆርጧትም።"

የሚያስለው ሁሉ ሳሉን ዋጠ። ገበያነሽ ከጠረጴዛዋ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሽ ጉልላት፣ 'በሙሉ ድምፅ' ብዬ ጽፌዋለሁ እኮ። በቀለም ነው የጻፍኩት" አለችው።

"ሰርዢው" አለ ጉልላት።

ገበያነሽ መሸሻን አየች፣ ደሳለችን አየች። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ማስመሪያ መፈለግ ጀመረች።