የባሌና የእህቴ ብስክሌት

ባሌ ናርሲስ ሥጋ ሻጭ ነው። የአሳማ ግማሽ ጎን በአንድ ትከሻው ተሸክሞ፣ በሌላ እጁ የሱቁን በር እየከፈተ፣ በዚያው ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ ይሰጣል። ታናሽ እህቴ ኬራልት ደግሞ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ልጅ ሳለች ንፋስ ሲበረታ እናታችን «ግቢ፣ ይወስድሻል!» ትላት ነበር። ዛሬም ብዙ አልጨመረችም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው እኔና ብስክሌት ነን።

ብስክሌት ስል የመንገዱን ማለቴ አይደለም። እኛ ጋ የሚወደደው ኮርቻ የሌለው፣ ቆመው እንደ ፍየል ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘሉበት ነው። እግርህ መሬት በነካ ቁጥር አንድ ነጥብ ይያዝብሃል። ከወደቅክ ወይም ሰዓት ካለቀብህ አምስት ነው። ጥቂት ነጥብ የያዘ ያሸንፋል። በየዓመቱ በመስከረም፣ በእኛ አገር በጋው ሲያልቅ፣ በከተማችን በዓል፣ ወንዙ ጎድሎ አለቶቹ ሲወጡ ውድድር አለ። እኔም ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ መንዳቱን ትቼ ዳኛ ሆኛለሁ።

አንድ ዓመት ናርሲስ አዲስ ብስክሌት ገዛ። እንዴት ቀላል ነው መሰላችሁ! ሱቁ ውስጥ በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ለደንበኛ ሁሉ ያሳይ ነበር። አሮጌውን ለኬራልት ሰጣት። እሷ ድሮም የሱን ውራጅ ነው የምትነዳው። ያኛው ጠንካራ ቢሆንም እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ይከብዳል።

ብስክሌቱ ሲቀል ሰውየው ጭራሽ ባሰበት። የመሪውን መያዣ ላስቲክ በቢላ ላጠ። ብሎኖቹን በቀላል ብሎን ለወጠ። የፍሬኑን እጀታ እየበሳሳ ወንፊት አደረገው። ማታ ማታ ፍርፋሪውን ብረት በሥጋ ሚዛኑ ላይ እያስቀመጠ ይደሰታል። ከዚያም ቋሊማ መብላት አቆመ፤ የቤታችን ደስታም አብሮ ተቋረጠ።

አንድ እሑድ ኬራልት ለምሳ መጥታ ሰላጣ ብቻ ሲያላምጥ አየችው።

«ብሎን ከምትፈታ ይሄን ሆድ ብትፈታው አይሻልም ነበር?» አለችው።

«ሆዴን ተዪው፣ ሚዛን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። አንቺ ይልቅ መጀመሪያ ክንድ አብቅዪ፣ ዋርሳዬ።»

ሳቅን። እሷም ሳቀች፣ ግን ሹካዋን አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውድድሩ መጨረሻ ላይ «ጳጳሱ» የምንለው አለት አለ፣ ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ። ኬራልት አራት ዓመት ሙሉ ወጥታው አታውቅም። ሌላውን ድንጋይ ሁሉ እንደ ድመት ታልፈዋለች፤ ጳጳሱ ጋ ስትደርስ ግን ክንዷ አልቋል። «ጥበቡስ አላት፣ ጉልበት የላትም እንጂ» ይላል ሰው ሁሉ። እሷ እየሰማች ይሉታል።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ተወዳዳሪው አለቶቹን ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ይዞራል። እኔ የተመደብኩት ጳጳሱ ላይ ነበር።

ጠዋት መጀመሪያ የመጣችው ኬራልት ነበረች። በዚያ በከባዱ ብስክሌት ያለፈችውን አለት ሁሉ እግሯን ሳታወርድ ነው የጨረሰችው። ከአለቱ ሥር ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበችና ዘለለች። የፊት ጎማው ወጣ። የኋላውን ለመጎተት ስትሞክር ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ ከነብስክሌቷ እየተንሸራተተች ወረደች። አምስት ጣቶቼን ዘርግቼ አሳየኋት። እህትም ብሆን ዳኛ ነኝ።

ናርሲስ ተከተለ። እሱ ከታች ጀምሮ ሲወላገድ ነው የመጣው። ጳጳሱ ጋ ሲደርስ ጥርሱን ነክሶ እንደለመደው ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። የለመደው ግን ያንን ከባዱን ነው። ቀላሉ ብስክሌት እጁ ላይ ሽቅብ በረረ፣ ጎማው ሰማይ አየ፣ ባሌ ደግሞ በመቀመጫው ወንዙ ውስጥ ቁጭ አለ። ዳር ያለው ሕዝብ አጨበጨበለት። በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ነገር ካላጨበጨብክለት ለምን ትመጣለህ?

ለምሳ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ቲማቲም የተቀባ ዳቦ ይዤ ነበር። ናርሲስ ከሱሪው ውሃ እየተንጠባጠበ መቀመጥ አቅቶት ቆሟል።

«እኔ ጨርሻለሁ» አለ። «ይሄን ቆርቆሮ ማየት አልፈልግም። አንሱልኝ ከፊቴ!»

ኬራልት ብስክሌቱን ጥላ ውስጥ ልታስገባው አነሳችው። እስከዚያች ቀን ነክታው አታውቅም። ይበላሽብኛል ብሎ አያስነካም ነበር። አነሳችና ቆመች። መልሳ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሳችው።

«ናርሲስ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንዲህ ነው እንዴ የሚቀለው?»

«እንዲህ ነው የሚጥለው በይ።»

«የኔ እኮ የራሴን ክብደት ሩብ ያህላል። ቀኑን ሙሉ ሩቤን ተሸክሜ ነው የምዘለው። ላንተ ቁርስህም አይሆንም!»

እውነቷን ነው፤ ሥጋ ቤት የሚውል ሰው ክብደት ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

«ከሰዓት ልንዳው?» አለች።

«ውሰጂው፣ ከፈለግሽም ወንዝ ጣይው።»

«አንተስ?»

«ጨርሻለሁ አልኩሽ።»

«ጥሩ። ነገ ሱቅህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ‹ዋርሳህ ባንተው ብስክሌት አሸነፈችህ አሉ› ይልሃል። አንተ ቋሊማ ትቆርጣለህ፣ እነሱ አንተን ይቆርጡሃል።»

ባሌ ዳቦዬን ከእጄ ነጠቀና ጎረሰ። «የታለ ያ የቤተ ክርስቲያን በር?» አለ።

የውድድሩን ኃላፊ ሄጄ ጠየቅኩ። ሁለቱም ከተስማሙና ብስክሌቱ ላይ የተለጠፈውን ቁጥራቸውን ከቀያየሩ ችግር የለውም አለኝ።

ኬራልት መጀመሪያ ላይ ተቸገረች አሉኝ። በለመደችው ጉልበት ስትስበው ከድንጋዩ አልፋ ወዲያ ማዶ አረፈች። ሁለት ጊዜ እግሯን አወረደች። ከዚያ በኋላ ግን መጎተቱን ተወችው፣ ብስክሌቱን ማባበል ጀመረች። ጳጳሱ ጋ ስትደርስ ትንፋሿ አልተቆራረጠም። እንዲያውም ጠቀሰችኝ።

ሰዓቱን አስነሳሁ። በኋላ ጎማዋ ቆማ አንዴ፣ ሁለቴ ነጠረች። ከዚያ ተነሳች። የፊት ጎማው አለቱን ዳሰሰ፣ ወገቧን ወደ ፊት ጣለች፣ የኋላው እንደ ጅራት ተከተላት። ደረሰች። እህቴ ጳጳሱ አናት ላይ ቆመች፣ በሁለት ጎማ፣ ሳትነቃነቅ።

ችግሩ አልወርድም አለች። ሕዝቡን ታያለች፣ ወንዙን ታያለች፣ ተራራውን ታያለች።

«ኬራልት፣ ሰዓት!» ብዬ ጮህኩ።

«ቆዪ እንጂ፣ እቴ! አራት ዓመት ስጠብቅ የቆየሁ ነኝ!»

«ውረጂ! አምስት ልሰጥሽ ነው!»

«ስትጮሂ እማማን ትመስያለሽ!»

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወርዳ መስመሩን አለፈች። ጡጫዬን ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ ዜሮ ማለት ነው። ዳኛ አያለቅስም፣ ግን መነጽሬን ማበስ ነበረብኝ።

ናርሲስ ከታች ቆሞ ሲያይ አላጨበጨበም፣ አፉ ተከፍቶ ነበር። ተራው ሲደርስ ያንን ከባድ ብስክሌት በሙሉ ኃይሉ ሳበ። ብስክሌቱ አልበረረም፤ እንደ ጨዋ በሬ ታዘዘው። አለቱ ላይ ሲያርፍ ጥንካሬው ክብደቱን ቻለለት፣ አልተወላገደም። እሱም ዜሮ። ወርዶ በቀጥታ ወደ ኬራልት ሄደ።

«ያን ጊዜ ክንድ ምናምን ያልኩሽ…» አለ።

«እ?»

«ርቦኝ ነበር።»

«ይቅርታህ ይሄው ነው?»

«ከዚህ የተሻለ ሥጋ ቤት አይሸጥም» አለና አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጣት።

ያሸነፈው ከቪክ ከተማ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ሁሉንም በሰፊው በልጦ። ኬራልት ስድስተኛ ወጣች። ናርሲስ የጠዋቱ ነጥብ ጎትቶት አሥራ አንደኛ ሆነ። ብስክሌቶቹን ስለመመላለስ ማንም አላነሳም። እሱ «ሰጠኋት» ይላል፣ እሷ «ወሰድኩት» ትላለች።

በጥር ቪክ ውድድር ነበርና ሦስታችንም በሥጋ ቤቱ መኪና ሄድን። እኔ ከኋላ በሁለቱ ብስክሌቶች መሃል ተቀረቀርኩ። ከፊት ሁለቱ በመንገድ ዳር አለት ባዩ ቁጥር «ያንን ትወጪዋለሽ?» «አንተስ ትወጣዋለህ?» ይባባላሉ። አንዱ ጋ ሲደርሱ አልስማማ አሉ። ናርሲስ ዳር ይዞ አቆመ፣ ሁለቱም ወረዱ፣ እኔንም ሰዓት ያዢ አሉኝ።