ቋሚ ድጋፍ ያለው ተከራይ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ምላጭ» ብሎ ነው የሚጠራው። ለእጁ ቢሆን መልካም ነበር፤ ግን ለምላሱ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አንዴ አንገቱን ካስረከበ የት ይሄዳል? ፎጣ ታስሮለት፣ አገጩ አረፋ ተቀብቶ፣ ምላጭ ስለዚህ ዓለም ያለውን ቅሬታ ሁሉ ይሰማል። በተለይ መንግሥት አቅም ላነሳቸው ተከራዮች የኪራዩን ግማሽ ሊከፍል ነው ተብሎ በሬዲዮ የተነገረ ዕለትማ፣ አይነሣ!

«ኪራዬን መንግሥት ይክፈልልኝ ይባላል?» አለ መቀሱን አየር ላይ እያስጮኸ። «ነገ ደግሞ ሚስቴን ያባብልልኝ፣ ልጄን ያስተኛልኝ ልበላ! ለመሆኑ ገንዘቡ ማን ኪስ የሚገባ መሰላችሁ? አከራይ ምን ሞኝ ነው? ሰምቶ ሳይጨርስ ይጨምራል። ሰው የገዛ ጣሪያውን ራሱ ነው የሚከፍለው!»

ደንበኛው አረፋው አፉ እንዳይገባ ብሎ ዝም አለ። ምላጭ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተስማማ ይመስለዋል።

ብዙም አልቆየ፣ አከራዩ መጡበት። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ እሱ «እትዬ» ነው የሚላቸው። የምላጭ ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር የሚኖርባት ክፍልና የእትዬ ጠባብ ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ናቸው። እትዬ ከዚህ ቤት ሌላ ሀብት የላቸውም።

«ልጄ፣ ነገሩን እኔም አልወደድኩትም» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «የደም ግፊት መድኃኒቴ ዋጋው እጥፍ ሆነ። አንድ ስልክ ጠጋኝ ደግሞ ሱቅህንም ክፍልህንም አንተ ከምትከፍለው አስበልጬ ልውሰድ ብሎኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ጨምር፣ ወይ...» ሁለተኛዋን «ወይ» መጨረስ አቃታቸውና እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ ተመለሱ።

ምላጭ የዚያን ቀን ቃል ሳይተነፍስ ሲላጭ ዋለ። ደንበኞቹ ታሟል ብለው አዘኑለት። አልታመመም፤ ፈርቶ ነው። ወንበርና መስታወት ተጭኖ ይሄዳል፣ ደንበኛ ግን ተጭኖ አይሄድም። ከዚህ ከወጣ ልጁን ምን እንደሚያበላት አያውቅም።

«ለመንግሥት አመልክታ» አለችው ሚስቱ።

«እኔ? ያን ሁሉ ለፍልፌ?»

«እንግዲያው በልፍለፋህ ክፈላ!»

አመለከተ። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ፣ በጓሮ በጓሮ ሄዶ አመለከተ። ደንበኛ ቢያየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይሻለው ነበር።

የሚረዳው ሌላ ሰው አለመኖሩን ልታጣራ ከቤቶች ጽሕፈት ቤት አጣሪዋ ስትመጣ ምላጭ ሳሙና ሊገዛ ወጥቷል። ያገኘችው ግቢ ውስጥ ፀሐይ የሚሞቁትን እትዬን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። የዚህ ቤት የጀርባ ግድግዳ ካዘመመ ቆይቷል። የእትዬ ባል በሕይወት ሳሉ አንድ ወፍራም ግንድ አስደግፈውበታል፤ ግንዱንም የቤቱ ሰው ሁሉ «ድጋፉ» ነው የሚለው። «ልብሱን ድጋፉ ላይ አስጪው»፣ «ልጅቷ ድጋፉ ላይ ወጣች»፣ እንዲህ ነው ወሬያቸው።

«እናቴ፣ ተከራይዎ ለቤቱ ድጋፍ አለው?» ብላ ጠየቀች አጣሪዋ።

«አለው እንጂ! ያለ ድጋፍማ እንዴት ተደርጎ ይኖራል?»

«ማን ነው የሰጠው?»

«ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«እሳቸው ካረፉ በኋላስ አልተቋረጠም?»

«ምን ይቋረጣል! እሱ ሞተ እንጂ ድጋፉ ንቅንቅ አላለም።»

«ይበቃዋል ይላሉ?»

«ወይ ልጄ! እንኳን እሱን፣ አንቺንም መሥሪያ ቤትሽንም ይችላል።»

አጣሪዋ ሁሉንም ጽፋ ሄደች። እትዬ ለተከራያቸው ደህና ነገር የመሰከሩለት መስሏቸው ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ምላጭ መልሱን ሊሰማ ጽሕፈት ቤቱ ሲደርስ ያችው አጣሪ ናት መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው።

«ውድቅ ሆኗል» አለችው። «ቋሚ ድጋፍ ያለዎት ተከራይ ነዎት።»

«እኔ? ማን ነው የሚደግፈኝ?»

«የአከራይዎ ሟች ባለቤት።»

ምላጭ የግቢው ግንድ ትዝ አለው። ነገሩ ሲገባው ሳቁ ከሆዱ ፈንቅሎ መጣ። «ኧረ እህቴ! ቋሚማ እውነትሽን ነው፣ ቆሟል! እንጨት እኮ ነው! ግድግዳው...»

አጣሪዋ ቀና አለች። «ግድግዳው ምን ሆነ? አዝሟል እንዴ? ያዘመመ ቤት ከሆነማ ይታሸጋል። ተከራይም አከራይም በዕለቱ ይወጣል።»

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። እውነቱን ቢናገር እትዬ በዚህ ዕድሜያቸው ጎዳና ሊወድቁ ነው። ዝም ቢል እሱ ከነቤተሰቡ ሊወጣ ነው። በዕድሜው ቃል መርጦ የማያውቀው ምላጭ ቃል መረጠ።

«ግድግዳው ላይ... ፎቶግራፋቸው ተሰቅሏል ለማለት ነው። የሟቹ። እንደ እንጨት የጠነከሩ፣ ጽኑ ሰው ነበሩ። አዎ፣ እስከ ዛሬ ይደግፉኛል።»

«ታድለዋል» አለችው ከልቧ፤ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

እቤት ሄዶ የሆነውን ሲያወራ ሚስቱ መሳቅም ማልቀስም አማራት። እትዬ ግን ራሳቸውን ይዘው ጮኹ። «እኔ አሮጊት! ይሄን አፌን በሰፋሁት!»

«አፍ የሚሰፋ ከሆነ ከኔ ይጀመር፣ እትዬ» አለ ምላጭ፤ መስታወቱን ከግድግዳው ያወርድ ጀመር። እትዬ መስታወቱ ሲወርድ አይተው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃውን ሲያስር ግቢው ውስጥ የብረት ጩኸት ሰማ። ስልክ ጠጋኙና እትዬ አልጋ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ አልጋው የእትዬ ነው።

«የኔን ክፍል ሰጠሁት» አሉ እትዬ እያለከለኩ። «ስልኩ የተሰበረበት ሰው ጓሮም ቢሆን ፈልጎ ይመጣል ብሏል። የሚከፍለኝ ለመድኃኒቴ ይሆናል። አንተ ባለህበት ቀጥል፣ በድሮው ኪራይ።»

«እርስዎስ የት ሊያድሩ?»

«ዓይንህ ሥራ ፈታ እንዴ? ያንን ጫፍ ያዝና አስገባዋ!»

አስገባው። ሚስቱ የልጅቷን ፍራሽ ወደ ጥግ ገፋች። ምላጭ እንባው መጣ፤ አላፈረበትም፤ ግን ምላሱ ዝም ብሎ ማለፍ መች ያውቃል?

«እትዬ፣ ክፍሉ እኮ የተከራየሁት ነው። ድርሻዎን ይከፍላሉ?»

እትዬ አልጋቸው ላይ ተዘረጉ። «አቅም ያነሰኝ ተከራይ ነኝ» አሉት። «ምን ታመጣለህ?»

ምላጭ ትራሳቸውን አመጣላቸው።