የማክሰኞው ማጣሪያ

ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ዕቃ ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ የወጣልኝ ስም «ድገመው» ነው። የተቆጠረውን ሁሉ እንደገና አስቆጥር ነበርና። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምቆጣጠረው ቤቴን ነው፤ ባለቤቴም ሲያሻት በዚያው ስም ትጠራኛለች።

የቤታችን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አየር የሚስበው መተላለፊያው ጣሪያ ላይ ባለው ወንፊት መሰል ሽፋን በኩል ነው። ከሽፋኑ በላይ የተገጠመውን የአየር ማጣሪያ በየሦስት ወሩ የምቀይረው እኔ ራሴ ነኝ። ባለሙያ አላምንም። አሮጌውን አራግፎ መልሶ ቢከተውስ? ስለዚህ የማጣሪያው ካርቶን ጠርዝ ላይ የተቀየረበትንና የሚቀጥለውን መቀየሪያ ቀን በእስክሪብቶ ጽፌ እፈርምበታለሁ። ባለቤቴ እየሳቀችብኝም ቢሆን መሰላሉን ትይዝልኛለች።

እሁድ ከሰዓት ወጥ ቤት ሆና ከልጃችን ጋር በስልክ ስታወራ በሩ ጋ ደረስኩ። ድምጿን ዝቅ አድርጋለች። እኔ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ሲል ነው ጆሮዬ የሚቆመው።

«ማጣሪያው ማክሰኞ ነው» አለች። «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ታውቂው የለ፣ ቤቱን ቀውጢ ነው የሚያደርገው።»

ደሜ ፈላ። ማጣሪያውን ከቀየርኩት ገና ወሩ! መሰላሉን ጎትቼ አወጣሁና ሽፋኑን ከፈትኩ። ማጣሪያው ቦታው ላይ ነው። ፊርማው የራሴ ነው። የአየሩን መሄጃ የሚያሳየው ቀስትም በትክክል ወደ ማሽኑ ያመለክታል። ታዲያ ምን ጉድለት አግኝታብኝ ነው ከጀርባዬ ባለሙያ የምትጠራው?

«ምን እየፈለግክ ነው?» አለችኝ ከታች፤ ወዲያው ሳሏ ያዛት። ይኼ ሳል ከጀመራት ሰነባብቷል። እውነቱን ልናገርና እሱንም ጠርጥሬዋለሁ። «አንተ የገጠምከው አቧራ ያስገባል» ለማለት ሆን ብላ የምትስል ይመስለኝ ነበር።

«ምንም» አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ለባብሳ «እህቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» አለች። እህቷ እኮ ማክሰኞ ሥራ ላይ ናት! ድሮም መዋሸት አትችልበትም። መንገዱን እስክትታጠፍ በመስኮት አየኋትና በአቋራጭ ወደ ማቀዝቀዣ ጥገና ሱቁ ገሰገስኩ። እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው።

ጠጋኙ ብቻውን ነው፤ የማራገቢያ ክንፍ በብሩሽ ይጠርጋል።

«ዛሬ የማንን ቤት ማጣሪያ ነው የምትቀይረው?» አልኩት፣ ሰላምታም ሳልሰጠው።

«የማንንም፣ ጋሼ። የእርስዎንማ ማን ደፍሮ ይነካል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ብሩሹን አስቀመጠ። «ይልቅ እትዬ ተሻላቸው? ሰሞኑን መጥተው፣ ደቃቅ አቧራ የሚያስቀር ወፍራም ማጣሪያ አለህ ወይ ሲሉኝ ሳሉ አላስቆም አላቸው። እዚችው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። መሀረባቸው ላይ ደም ነገር አይቼ፣ ኧረ ሐኪም ይይዎት አልኳቸው።»

ክው አልኩ። መጋዘን ሙሉ ዕቃ አንድ በአንድ ስቆጥር የኖርኩ ሰውዬ፣ አንዲት መሀረብ አላየሁም።

«ወፍራሙን ስጠኝ» አልኩት።

«ለሞተሩ ግን ትንሽ ይከብደዋል፣ ጋሼ፤ በየጊዜው መታየት...»

«ሞተሩ ገደል ይግባ!»

ስትመለስ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ክንዷ መታጠፊያ ላይ ጥጥ ተለጥፏል።

«ማጣሪያው እንዴት ሆነ?» አልኳት። ቁጣዬን ብፈልገው የለም።

ቦርሳዋን አስቀመጠች። «ማን ነገረህ?»

«አንቺው። እሁድ ዕለት በስልክ። እኔ የጣሪያውን መስሎኝ...»

ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባትና እስኪለቃት ድረስ ደግፌ ያዝኳት።

«በፊተኛው ምርመራ ሳንባዬ ላይ የሆነ ነገር አይተዋል» አለች። «የዛሬው ምን እንደሆነ የሚያጣሩበት የማጣሪያ ምርመራ ነው። ውጤቱ ዓርብ ይደርሳል። ላንተ ያልነገርኩህ ሐኪሙንም ድገመው እንዳትለው ብዬ ነው።»

«ዓርብ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ፈርተህ ነው ወይስ ተጠራጥረህ?»

«ፈርቼ» አልኳት። አፌ ላይ እንግዳ ቃል ሆነብኝ።

መሰላሉን ስዘረጋ ተቀመጪ ብላት አሻፈረኝ አለች። በሻርፗ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነችና እንደወትሮው እግሩን ያዘች። የድሮውን ማጣሪያ አውጥቼ አቧራው ሳይበተን ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። በአዲሱ ጠርዝ ላይ የዛሬን ቀን ጻፍኩ። የሚቀጥለው መቀየሪያ ቀን ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬን ከካርቶኑ ላይ አነሳሁ። ሦስት ወር ወደፊት መቁጠር ፈራሁ።

«ምን ሆንክ?» አለች ከታች።

«ቀኑ ጠፋኝ።»

«ጻፈው እንጂ። መሰላሉን የምይዝልህ እኔው ነኝ።»

ጻፍኩት። ቁጥሩ ተበላሸ፤ አልደገምኩትም።