ከምሳ በፊት የተተኮሰችው ሮኬት

በዚያ በጋ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ርቃ የቆመችው መርከባችን ሥራዋ ፀሐይን መጠበቅ ነበር። ዶክተር ሃስኬል በየማለዳው አንዲት ሮኬት ከትልቅ ፊኛ ሥር አንጠልጥሎ ይለቅቃል። ፊኛው ከደመና በላይ ይዟት ይቆያል። ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲነሣ ተራራ ላይ ያሉት ተመልካቾች በሬዲዮ ይነግሩናል። ያኔ ዶክተሩ የመተኮሻውን ቁልፍ ይጫናል፤ ሮኬቷም ከፍንዳታው የኤክስሬይ ጨረር መውጣት አለመውጣቱን ትለካለች። ፍንዳታ ካልመጣ ግን ፊኛው በነፋስ ርቆ ሳይጠፋ በከንቱ መተኮስ ግድ ነው። ፀሐይም እኛን ስታይ ጨዋ ትሆናለች።

እንዲህ እንዲህ ሲል አንዲት ሮኬት ብቻ ቀረች። እሷ በተሰቀለች ቀን አድሚራል ቶርንዳይክ በሄሊኮፕተር መጣ። የመጪው ዓመት ሮኬት የሚፈቀደው በእሱ ቃል ነው።

ወንበር አስመጥቶ ሽቅብ ሲያንጋጥጥ ቆየና፣ "መቼ ነው የሚተኮሰው?" አለ።

"ፀሐይዋ ስትፈነዳ ነው ጌታዬ።"

"እሷ ናት እንዴ የምታዝዘን?"

"ፊኛው እስከ ማታ ይቆያል። ትንሽ ቢታገሡ..."

"ምሳዬ ያለው የብስ ላይ ነው፣ ዶክተር። የመጣሁትም ፊኛ ለማየት አይደለም።"

ዶክተሩ ቁልፉን አየ፤ አድሚራሉን አየ።

ምግብ አብሳዩ ሮስኮ ጠጋ ብሎ፣ "አሁን ይጫነዋል" አለኝ።

"ተው እንጂ። ስንት ዓመት የለፋበት ነገር ነው።"

"ለፍቶ ያገኘው ይሄንን አለቃ ነዋ።"

ተጫነው። ሰማዩ ላይ ነጭ ጭረት ታየ። አድሚራሉ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። መሣሪያው የፀሐይዋን ዝምታ በሚገባ ለካ።

ሄሊኮፕተሩ ገና ከዓይናችን ሳይጠፋ ከተራራው ጥሪ መጣ። ትልቅ ፍንዳታ ተነሥቷል፤ ተኩሱ አሉን።

የሬዲዮ ሠራተኛው ዞር ብሎ፣ "ምን ልበላቸው?" አለ።

"ምሳ ላይ ነን በላቸው" አለ ሮስኮ።

ዶክተሩ ጥቁር መስተዋቱን ዓይኑ ላይ አድርጎ ፀሐይዋን ያያል። በዚያ መስተዋት የሚታየው ክብ ነገር ብቻ ነው፤ ፍንዳታው አይታይም።

ከሄሊኮፕተሩ የአድሚራሉ ድምፅ በሬዲዮ ገባ። "ግሩም ነበር፣ ዶክተር። ቀጥ ብላ ነው የሄደችው። ለመጪው ዓመት እጥፉን ትወስዳለህ። እንግዶች ይዤ ስለምመጣ ብቻ ከምሳ በፊት ይሁን።"

ዶክተሩ መነጋገሪያውን አነሣና ለፀሐይዋ ጀርባውን ሰጣት።

"እሺ ጌታዬ" አለ።