የጋሽ አሻግሬ አራት ፍላንጆች

ኢቲሳም የስልኳን መብራት ወደ ቧንቧው ውስጥ አብርታ፣ አንገቷን እስኪያማት ድረስ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና ቀና አለች። ዐይኗን አሸት አሸት አድርጋ ደግማ አየች። ያው ነው። ብየዳው ከውጭ ሲያዩት የተጠለፈ ጥልፍ ይመስላል፤ በውስጥ በኩል ግን የጣት ርዝመት በሚያህል ቦታ ላይ ቧንቧውና ፍላንጁ አልተያያዙም። መሐላቸው ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

ቦታው ከውጫሌ ዝቅ ብሎ የተሠራው አዲሱ የፓምፕ ቤት ነው። ከዚህ የሚነሳው ውሃ ሽቅብ ተገፍቶ በአምባሰል ተዳፋት ላይ ላሉ ሦስት መንደሮች ሊደርስ ነው። ከፓምፑ ሥር የሚነሳው የብረት ቧንቧ ከሁሉ የበለጠ ግፊት የሚሸከም ስለሆነ፣ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ባለ አንገት ፍላንጅ እንዲሆኑ ታዝዟል፤ ከቧንቧው ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ የሚበየድ፣ አንገቱ ወደ ቧንቧው እየሳሳ የሚሄድ ወፍራም የብረት ቀለበት ነው። ጠፍጣፋው ዓይነት ይረክሳል፣ ለሥራም አያስቸግርም፤ ይህን ግፊት ግን አይችልም። ፍላንጆቹ ስምንት ነበሩ። አራቱን ኢቲሳም በየደች፤ አራቱን ጋሽ አሻግሬ። ከጋሽ አሻግሬ አራት ሦስቱ በብሎን ታስረው ተዘግተዋል። ይህ የቀረው ነው። የግፊት ሙከራው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው።

ጋሽ አሻግሬ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የበየዱ ሰው ናቸው። ኢቲሳም ከኮሌጅ ወጥታ ሥራ ስትፈልግ፣ የከተማው ብየዳ ቤቶች ሁሉ «ይሄ ለሴት አይሆንም» እያሉ መለሷት። እሳቸው ብቻ የያዘችውን ወረቀት እንኳ ሳያዩ፣ ቁርጥራጭ ብረት ወርውረውላት «እስቲ አያይዢው» አሏት። አያያዘችው። «አስቀያሚ ነው፤ ግን ይዟል። ነገ ነይ» አሏት። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። አባቷ የሞቱ ጊዜ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ኢቲሳም አንዳንድ ነገር አይታ እንዳላየች ሆናለች። ሜትር ሲያነቡ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። ብሎን ሲያስገቡ ቀዳዳውን በጣታቸው ነው የሚፈልጉት። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ ድምጿን እስኪሰሙ ድረስ አላወቋትም።

አሁን እሳቸው በባጃጅ ለምሳ ወደ ውጫሌ ወጥተዋል። መሐንዲሱ ሙዓዝም ከላይ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ጋ ነው። ኢቲሳም ብቻዋን ናት። ለሙዓዝ ብትነግረው በሪፖርቱ ይጽፈዋል፤ ያ ደግሞ ጋሽ አሻግሬን በዚህ ዕድሜ በሰው ፊት ማዋረድ ሆኖ ታያት። ለራሳቸው ለመንገርም አፏ እሺ አላላትም።

ጀነሬተሩን አስነሳች። ያልያዘውን ቦታ በግራይንደር እስከ ሥሩ ድረስ ቦረቦረችው፤ ከዚያ ትንፋሿን ውጣ፣ ቀስ ብላ፣ ከሥሩ ጀምራ ሞላችው። ሲቀዘቅዝ በሽቦ ብሩሽ አጸዳችው። በውስጥ በኩል አየችው፤ ሙሉ ሆኗል። «የታሰሩት ሦስቱስ?» የሚል ሐሳብ መጣባት። እነሱ ባለፈው ሳምንት ጠዋት ጠዋት፣ ደህና ብርሃን እያለ የተሠሩ ናቸው፤ ምንም አይሆኑም አለችና ሐሳቡን ገፋችው።

ጋሽ አሻግሬ ከምሳ ተመልሰው ፍላንጁ አጠገብ በርከክ አሉ። እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን በብየዳው ዙሪያ አስኬዱ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

«ይቺ የኔ እጅ አይደለችም» አሉ።

ኢቲሳም የሽቦ ብሩሹን ወደ ዕቃ ሳጥኑ መለሰች።

«ኢቲሳም!»

«ትንሽ ነገር አየሁና አስተካከልኩት ጋሼ። ቀላል ነው።»

«ቀላል ከሆነ ለምን እስክሄድ ጠበቅሽ?»

እሳቸው የዕቃ ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ።

«ሥሩ አልያዘም ነበር፣ አይደል?»

«አልያዘም። የጣት ርዝመት ያህል» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ከአስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና እያቃሰተ ዳገቱን ሲወጣ ይሰማል።

«ግራ ዐይኔ ከጠፋ ሰንብቷል» አሉ በመጨረሻ። «ቀኙም ጭስ እንደሞላው ቤት ሆኖብኛል። ለማንም አልተነፈስኩም። ሥራ የሚያስተዉኝ መስሎኝ ፈራሁ። ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ያንቺንስ ታውቂዋለሽ?»

«እንዳያፍሩ ብዬ ነው ጋሼ፣ ወላሂ!»

«እሱ ይገባኛል። ብትነግሪኝ ኖሮ ግን መጀመሪያ የምጠይቅሽ ስለ ሦስቱ ነበር። እኔን ስትሸፍኚ እነሱንም አብረሽ ሸፈንሻቸው። ነገ ፓምፑ ሲነሳ እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ይቆማል። አንቺም ትቆሚያለሽ።»

የኢቲሳም ፊት ጋለ። ስታደርገው ደግነት መስሏት ነበር፤ አሁን ግን ውስጧን ስትፈትሸው ከደግነቱ ይልቅ ፍርሃቱ በዛባት። ይህን ሰው ሲያፍር ማየት የፈራችው ራሷ ናት።

ሙዓዝ ወደ ማታ ገደማ ሲወርድ ጋሽ አሻግሬ ብድግ ብለው ጠበቁት።

«ልጄ፣ ነገ ሙከራ የለም። እኔ የበየድኳቸው ሦስቱ ይፈቱ። ዐይኔ አያይም።»

ወጣቱ መሐንዲስ ኢቲሳምን አየ፤ እሷም ጭንቅላቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ ለመንደሩ ሰው ተነግሯል እኮ። ነገ ይመጣሉ።»

«እንግዲያው የምነግራቸው እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ በማለዳ ፈቷቸው። አንድ ፍላንጅ ስምንት ብሎን፤ የጠበቀውን ዳዶ ሁሉ ማላላት ጊዜ ወሰደ። የመጀመሪያው ደህና ነበር። ሁለተኛውም ደህና። በሦስተኛው ኢቲሳም መብራቱን አስገብታ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አየች።

«ንገሪኝ፤ አታለሳልሺው» አሉ ጋሽ አሻግሬ።

«ከታች በኩል ግማሽ መዳፍ ያህል አልያዘም። ከትናንቱ ይብሳል።»

ጋሽ አሻግሬ እጃቸውን በእጃቸው ያዙ።

የመንደሩ ሰው ጄሪካኑን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሳያስረዝሙ ተናገሩ። «ሥራው ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ስሕተቱ የኔ ነው፤ አሁን የምትሠራው ይቺ ናት።» አንዱ ጎልማሳ «ካላዩ ታዲያ ለምን ይሠራሉ?» ብሎ ፊቱን አዞረ። እውነቱን ነበር። አሪፋ የምትባል፣ ቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ያደረጋት ሴት ግን ቀረብ ብላ የተፈታውን ፍላንጅ አየችና፣ «ስንት ዓመት ጠብቀን ሁለት ቀን አያቅተንም። ብቻ ደግማችሁ እንዳትመልሱን» አለች። ይህንንም ስትል ዐይኗ ኢቲሳም ላይ ነበር።

ለጥንቃቄ የጋሽ አሻግሬን አራቱንም ፍላንጆች ቆርጣ እንደገና ስትበይድ ኢቲሳም ሁለት ቀን ሙሉ ሠራች። ጋሽ አሻግሬ አጠገቧ ሆነው ቧንቧና ፍላንጁን በእጃቸው እየዳሰሱ ያገጥማሉ፤ እሷ ታያለች፣ ትለካለች፣ ትበይዳለች። እያንዳንዱ ሙዓዝም በውስጥ በኩል ሳያየው አልታሰረም።

በሦስተኛው ቀን ፓምፑ ተነሳ። የግፊት መለኪያው መርፌ ሽቅብ ሄዶ ከታዘዘው ቁጥር ላይ ቆመ። አንድ ሰዓት ቆመው ጠበቁ። ኢቲሳም ከፍላንጅ ወደ ፍላንጅ እየሄደች ዙሪያቸውን በደረቅ ወረቀት ጠረገች፤ ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ። «አልሃምዱሊላህ» አለች በለሆሳስ። ከሰዓት በኋላ ከላይ ስልክ ተደወለ። ሙዓዝ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሲይዘው መጀመሪያ የተሰማው የሰው ድምፅ ሳይሆን፣ ባዶ ጄሪካን ውስጥ የሚወርድ ውሃ ነበር።

በሳምንቱ ኢቲሳም ጋሽ አሻግሬን ይዛ ደሴ ሄደች። ሐኪሙ የቀኙ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለ፤ የግራው ግን አልፎበታል። ቀኙ ከተገፈፈ በኋላ ሰው መለየት፣ ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ። ቢሆንም ብየዳውን ራሳቸው ተዉት። ማንም አላስተዋቸውም።

አሁን ሐይቅ ያለው ብየዳ ቤታቸው ውስጥ ማገጣጠሙ የሳቸው ነው። ባለፈው ሰኞ ለአንድ ወፍጮ ቤት የብረት እግር ሲያቆሙ፣ ሦስት ደንበኞች ቆመው ያያሉ። ኢቲሳም ሜትሩን ዘርግታ ለካች። ድሮ ቢሆን ደንበኞቹ እስኪሄዱ ትጠብቅ ነበር።

«ጋሼ፣ በስተቀኝ ሁለት ሚሊ ወርዷል» አለች፣ ሁሉም እየሰማ።

አንዱ ደንበኛ ተገርሞ ሽማግሌውን አየ። ጋሽ አሻግሬ ብረቱን ከፍ አደረጉት።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ከፍ ያድርጉት። አሁን ልክ ነው።»

«በይ አያይዢው» አሉ።